ፊትሽን ለመርፌ ከመስጠትሽ በፊት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የሰው ፀጉር ስትሠሪ እየዋልሽ ማበጡን ተወ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ ታቃስቻለሽ? ባለቤትሽ ጋሽዬስ፣ ያ ደረቅ ሳላቸው ለቀቃቸው? ልጆቹስ፣ ትልቁ፣ መካከለኛዋ፣ ጩጬዋ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ደህና መሆናችሁን ብሰማም ደግሜ መጠየቅ ደስ ይለኛልና አትሰልቺኝ። እኔ ጤናዬ ሙሉ ነው። ወገቤም ሥራ ካልበዛ አያመኝም፤ የክፍላችን ማሞቂያም ስንት ጊዜ ተለምኖ ተጠግኗል። ሰሞኑን የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቅልፍ። እሱንም የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ።

ይህን ሁሉ በስልክ መናገር ስችል ለምን ወረቀት እንዳነሳሁ ልንገርሽ። ያንቺ ስልክ ስልክ አይደለም፣ የሰፈር ሬዲዮ ነው። እጅሽ በቀለም ስለተያዘ ድምፅ ማጉያው ላይ ታደርጊዋለሽ፤ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠችው ሴትዮ ደግሞ ስለማይሰማት "ምን አለች?" እያለች ታስደግምሻለች፤ ከዚያ የእኔ ጉዳይ አንቺን ቀድሞ ቤትሽ ይገባል። ባለፈው እሁድ ደውዬ "ደብዳቤዬ እስኪደርስሽ ድረስ መርፌ የሚባል ነገር ፊትሽን እንዳይነካው" ብዬ የዘጋሁብሽ ተቆጥቼ አይደለም። ከኋላሽ የባልሽን እህት ሳቅ ስለሰማሁ ነው። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ አብራኝ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ነች። ለሌላ ለማንም እንዳትሰጥ፣ በእጅሽ እንድታስረክብሽ አስምዬአታለሁ።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሲስተር፣ መቼም የባልሽን እህት ሁሉም ሰው እንደዚያ ይላታልና እኔም ልበላት፣ ሁለት ዓይነት መርፌ ይዛልሽ መጥታለች። አንደኛው ቦቶክስ ነው፤ ጡንቻውን አስንፎ የግንባርን መስመር የሚያረግበው። ሁለተኛው ፊለር ነው፤ የጎደጎደውን የአፍ ዳርና ጉንጭ ከውስጥ የሚሞላው። "ሁለቱንም እኔው እወጋሻለሁ፣ ለቤተሰብ በግማሽ ዋጋ ነው፣ አንቺ ብቻ ምረጪ" ብላሻለች። አንቺም "እዚያ የምትውዪው እዚሁ ነገር ውስጥ አይደል? የትኛው ይሻለኛል?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር አለች፤ ያንቺ ፊት ካማረ በኋላ ሲስተር ፀጉር ቤትሽ ጓዳ አንድ ወንበር ይዛ ደንበኞችሽን መውጋት ትፈልጋለች። እኔን ጠርጥሪ ጠርጥሪ ያሰኘኝ ይሄ ነው። ቅናሹ ለቤተሰብነትሽ ነው ወይስ ለማስታወቂያ? ፊትሽን ታፔላ ልታደርገው ነው?

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ታውቂያለሽ። በዚህ የቆዳ ክሊኒክ ስድስት ዓመት ሙሉ አልጋው ላይ የሚነጠፈውን ወረቀት ስቀይር፣ መስታወት ስወለውል፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ሳቀብል ነው የኖርኩት። ግን ግድግዳ ጆሮ አለው ይባል የለ? ጽዳት ሠራተኛም ግድግዳ ነች። ሰው በፊቷ ሁሉን ይናገራል። ሥራ አስኪያጃችን ለደንበኛ ሲናገር አንድም ቀን "ይህ አያስፈልግሽም" ሲል ሰምቼው አላውቅም። ቦቶክስ ፈልጋ የመጣችውን ፊለር ይጨምርላታል፣ ፊለር ፈልጋ የመጣችውን ቦቶክስ። የሃያ ሦስት ዓመቷን ልጅ እንኳ "ከመምጣቱ በፊት እንቅደመው" ሲላት ሰምቼ፣ ጎርፍ ነው ወይ የሚመጣው ብዬ ብቻዬን ስቄአለሁ።

እንግዳ ተቀባያችንን ደግሞ በዓይኔ አየሁ። ለሠራተኛ በነፃ ነው ተብላ ግንባሯን ተወጋችና በሳምንቱ አንደኛው የዓይን ቆቧ ወረደ። መድኃኒቱ ወደማይፈለግበት ጡንቻ ዘልቆ ነው አሉ። ሊለቃት ሁለት ወር ፈጀባት። እስከዚያ ሥራ አስኪያጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጠረጴዛዋን አዙሮ አስቀመጣት፤ ደንበኛ ከበር ሲገባ በደህናው ዓይኗ በኩል እንዲያያት። እሷም እንግዳ በመጣ ቁጥር አንገቷን እንደ ዶሮ ሰበር እያደረገች ተቀበለች። ያኔ ሳቅን፤ እሷ ግን መጸዳጃ ቤት ገብታ ስታለቅስ ያገኘኋት እኔ ነኝ።

ይህ እንኳ የሚያልፍ ነው። የፊለሩን ቀን ግን አልረሳውም። አንዲት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ ደርባባ ሴት፣ የአፏን ዳር ልታስሞላ መጣች። ዶክተሯ እየወጋቻት ሳለ የሴትዮዋ ከንፈር ዳር ነጭ ሆነ። እንደ ወረቀት። ከዚያ ነጩ ወደ አፍንጫዋ ሽቅብ ወጣ። ዶክተሯ መርፌውን ጣለችና "ማሟሟቻውን!" ብላ ጮኸች። የተሞላው ነገር የደም ሥር ዘግቶ ነበር። ማሟሟቻውን እየደጋገመች ወጋች፣ አሸች፤ እኔ ሙቅ ጨርቅ ሳመላልስ ሴትዮዋ እጄን ይዛ "ዓይኔ ይጠፋል? ዓይኔ ይጠፋል?" ትለኝ ነበር። ብዙ ቆይቶ ቀለሟ ተመለሰ፤ ተረፈች። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ዶክተሯ የቀኑን ቀሪ ቀጠሮ ሁሉ አሰርዛ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። አሥራ አራት ዓመት የሠራች ሐኪም ነች፣ እታለም። መድኃኒቱ በእጇ፣ ሰው በዙሪያዋ እያለ ነው እንዲህ የሆነችው። ታዲያ ሲስተር ቦርሳ ውስጥ ማሟሟቻ አለ? ስሙንስ ታውቀዋለች?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። "ኦርጅናል መሆኑን እይው" ብለሽ የብልቃጡን ፎቶ ላክሽልኝ አይደል? ከማበጠሪያዎችሽ መሀል አቁመሽ ያነሳሽውን። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ ይህ ነገር በማቀዝቀዣ እንጂ በማበጠሪያ መሀል አይኖርም። ቀጥዬ ፎቶውን አስፍቼ ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁ። ጥጉ ላይ የተፋቀ የእስክርቢቶ ምልክት አለ። እኛ ቤት ነርሷ ብልቃጥ ስትከፍት፣ የከፈተችበትን ቀንና ሰዓት ጥጉ ላይ ትጽፋለች፤ ጊዜው ካለፈ እንዲጣል። ስንቱን ብልቃጥ በቢጫው የሕክምና ቆሻሻ ሳጥን እንደጣልኩ እኔ አውቃለሁ፤ ያንን ቦታ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ። ሲስተር "ገና ያልተከፈተ" ብላ የሰጠችሽ ብልቃጥ ላይ የተከፈተበትን ሰዓት ማን ጻፈው? ማንስ ፋቀው? ጠርጥር ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ትል የነበረችው እናታችን ትዝ አለችኝ።

በነጋታው ዶክተሯ ከሰው ነፃ የሆነችበትን ሰዓት ጠብቄ ፎቶውን አሳየኋት። "ይሄ እውነተኛ ነው?" አልኳት። ፎቶውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። አስተያየቷ ደስ አላለኝም። "ይሄን ፎቶ ከየት አመጣሽው?" አለች። የእህቴ ነው አልኳት። "እህትሽ ምንድን ነው የምትሠራው?" "ፀጉር።" "ታዲያ ይሄ እሷ ጋ ምን ይሠራል?" እያለች ዘርዝሬ የማልጨርሰው ብዙ ጥያቄ ጠየቀችኝና "እዚሁ ቆዪኝ" ብላ ወጣች። ስትመለስ ሥራ አስኪያጁን አስከትላ ነው።

ለካ ባዶ ብልቃጥ ከየክሊኒኩ እየሰበሰቡ፣ ውስጡን በማይታወቅ ነገር እየሞሉ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ብልቃጡን የሚያገኙት ደግሞ ከማን ይመስልሻል? ቆሻሻውን ከሚጥለው ሰው ነዋ! ከእኔ ቢጤ። ስድስት ዓመት አንድ ጥጥ ያላነሳሁ ሴትዮ በአንድ ፎቶ ሌባ ሆኜ አረፍኩት። ሥራ አስኪያጁ የልብስ መቀየሪያ ሳጥኔን አስከፈተኝ። ነጠላ ጫማዬን፣ የምሳ ዕቃዬን፣ የእጅ ቅባቴን አንድ በአንድ አውጥቶ ወንበር ላይ ደረደረው። የቅባቱን ክዳን እንኳ ከፍቶ አሸተተ። እንግዳ ተቀባይዋ በር ላይ ቆማ ታያለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በመጨረሻ "እስክንጠራሽ ቤትሽ ቆዪ" ተባልኩ።

ሦስት ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን ይዛ ፊት ለፊቴ እየተቀመጠች "ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል" ትለኛለች፤ እኔ ግን ንጹሕ ሰው ይበልጥ እንደሚፈራ ያኔ ነው ያወቅሁት። ሌባ ቢያንስ ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ ያስባል። በአንቺም ተናደድኩ፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። እዚያ ሆነሽ መስመር ልታጠፊ እዚህ እኔን ልታጠፊኝ ነው ብዬ አማሁሽ። ይቅር በይኝ።

በአራተኛው ቀን የጠራችኝ ራሷ ዶክተሯ ነች። በብልቃጡ ላይ ያለውን ቁጥር ከመዝገባቸው ጋር አስተያይተው፣ ከእኛ ቤት የወጣ አለመሆኑን አረጋገጡ። አምራቹ ዘንድም ጽፋ ጠይቃ ኖሮ፣ በዚያ ቁጥር የወጣው መድኃኒት ጊዜው ካለፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል የሚል መልስ መጥቶላታል። "ደግሞ ይሄ ዓይነቱ ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ከሥሩ ያለው እንኳ በቅጡ አይታይም። በእህትሽ ፎቶ ላይ ያለው ግን እስከ አንገቱ ውሃ ነው። ውሃው ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም" አለችኝ። ከዚያ በሯን ዘጋችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሥራ አስኪያጁ ግን እስካሁን ይቅርታም አላለኝ፣ ዓይኔንም አላየኝ፤ ቢጫው ሳጥን ላይ ቁልፍ አስገጥሞ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። ይጠርጥር። እኔም እሱን እጠረጥረዋለሁ፤ ተያይዘናል።

ዶክተሯ ግን ከፍሎ እንደመጣ ሰው ወንበሩ ላይ አስቀምጣ አወራችኝ። ያንቺን ፎቶ አሳየኋት፤ ያን በጩጬዋ ልደት የተነሳሽውን። "እኔ በፎቶ አላክምም" ብላ ጀመረች፤ ግን የሚለየውን አስረዳችኝ። ስትቆጪ ወይም ስትገረሚ የሚመጣ፣ ፊትሽን ስታዝናኚ የሚጠፋ መስመር የጡንቻ ሥራ ነው፤ ቦቶክስ የሚረዳው ለእሱ ነው፤ ሦስት አራት ወር ቆይቶ ይለቃል። ዝም ብለሽም የማይጠፋ ጎድጓዳ ከሆነ ፊለር ነው የሚጠቀሰው፤ ረዘም ይላል፣ ነገር ግን ሲበላሽ አበላሹ ይከፋል። ደግሞም ፊለር ሁሉ በማሟሟቻ አይሟሟም፤ አንዳንዱ አንዴ ገባ ማለት ገባ ነው። "ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው ማን ነው የሚወጋት የሚለው ነው" አለችኝ። "ያቺን ሴት ሦስት ነገር ትጠይቃት። የት ተማርሽ ትበላት። ብልቃጡን በፊቴ ክፈቺው ትበላት። ቆዳዬ ቢነጣ ምን ታደርጊያለሽ ትበላት። ለሦስተኛው ቶሎ ካልመለሰች ተነስታ ትሂድ።"

ይህን ልጽፍልሽ ስነሳ መካከለኛዋ ልጅሽ ቀደመችኝ። ትናንት መልእክት ላከችልኝ። ለካ "የእህቴን ደብዳቤ ልጠብቅ" ስትያት ሲስተር ተቆጥታ ብልቃጦቿን ሰብስባ ሄዳለች፤ "ባታምኚኝ ነው" ብላ ጋሽዬ ዘንድ ከሳሻለች። ስትወጣ ግን ልጅቷን ለብቻዋ ጠርታ "እናትሽ ያነሳችውን ፎቶ ከስልኳ አጥፊልኝ" ብላታለች። እታለም፣ ይቺን ቃል እያት። እውነተኛ ዕቃ የያዘ ሰው ፎቶ አጥፉልኝ ይላል? ልጅሽ ብልህ ናት፤ እሺ ብላ አላጠፋችውም። ሲስተርም ምናልባት ራሷ ተታላ ይሆናል፤ የሸጠላት ሰው ይኖራል፤ የልጆችሽ አክስት ናትና ክፉ ነች ብዬ አልፈርድም። ግን የተታለለ ሰው መርፌም ያው ነው የሚወጋው።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የከበደኝን ልጻፍልሽ። ሁለት ቀን ስጽፈውና ስቀደው ከርሜአለሁ።

በየጊዜው ፎቶ ስልክልሽ "አንቺ እኮ አታረጂም፣ የዚያ አገር አየር ነው እንዴ?" ትይኝ ነበር። እኔም "ውሃው ነው" እያልኩሽ ስቄ አልፌዋለሁ። ውሃው አልነበረም። ለሠራተኛ በነፃ ነው ሲባል ከእንግዳ ተቀባይዋ ቀድሜ ወንበሩ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ግንባሬን ተወጋሁ። አልነገርኩሽም፤ አፍሬ ነው፤ ትንሽም ደስ ብሎኝ ነው። ታላቄ እኔን አይታ ስትገረም ደስ አለኝ። አንቺ መስታወት ፊት ቆመሽ የራስሽን ግንባር ከእኔ ጋር ስታስተያዪ የነበረው ከውሸት ጋር ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ሲስተርን እንዲህ ስጠረጥር ከርሜ ነገሩን የጀመርኩት እኔ መሆኔን ያየሁት ቤቴ በተቀመጥኩባቸው ሦስት ቀናት ነው።

እናታችን ያረፈች ቀን በቪዲዮ ስንገናኝ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? "ጨክነሻል፤ ፊትሽ እንኳ ኮስተር አላለም" አልሽኝ። ውስጤ እየተቃጠለ ግንባሬ አልታዘዝ አለኝ። እንባዬ ይወርዳል፣ ፊቴ ግን የሌላ ሰው ሐዘን እንደሚያይ ሰው ለጥ ብሏል። ያንን ቃልሽን ሁለት ዓመት ይዤው ኖርኩ። ጭካኔ አልነበረም፣ እታለም። መርፌው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተወጋሁም። ቀስ እያለ ለቀቀኝና አሁን ከቅንድቦቼ መሀል ሁለት መስመር አለኝ፤ ልክ እንደ እሷ፣ ልክ እንዳንቺ።

መርፌ ኃጢአት ነው እያልኩሽ አይደለም። ብዙ ሴቶች ወደውት ደስ ብሏቸው ሲሄዱ አይቻለሁ። ከፈለግሽ በሐኪም እጅ፣ በፊትሽ በተከፈተ ብልቃጥ አድርጊው፤ ያኔ ደግሞ ለግንባርሽ ከሆነ ከሁለቱ የሚለቀውን ምረጪ ብዬ እመክርሻለሁ፤ የማይስማማሽ ከሆነ ጊዜ ያነሳልሻል። ካልፈለግሽም የማንም እዳ የለብሽም። ብቻ እኔን አይተሽ እንዳታደርጊው። ሲስተርን እምቢ ለማለት አፍሽ ከያዘሽ በእኔ አመካኚ። "ያቺ ተጠራጣሪ እህቴ ሰው አታምንም" በያት። እኔ ሩቅ ነኝ፤ ብትጠላኝም እዚህ ድረስ አይደርስብኝም። ጋሽዬንም ይህን ደብዳቤ አስነብቢያቸው፤ እናታችንን ያነሳሁበትን ግን ለራስሽ ያዢው።

ለጋሽዬ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ ሳላቸውን ችላ እንዳይሉት። ለትልቁ ልጅሽ አክስትህ ናፍቃሃለች በይው፤ ጺሙን ካሳደገ ፎቶ ይላክልኝ። መካከለኛዋን ስለ ብልህነቷ ግንባሯን ሳሚልኝ። ጩጬዋን ሁለቱንም ጉንጯን፣ እስክትቆጣ ድረስ። ካስክ ሥር ለምትቀመጠው ጆሮ ከባዷ ደንበኛሽ ሰላም በያት፤ ይህኛው ወሬ ግን ለእሷ እንዳልሆነ ንገሪያት። ለሲስተርም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሰላምታ ለማንም አይነፈግም። ወደ ቤትሽ ስትመጣ በደህና ተቀበያት፣ ወንበር ስጫት፣ አጫውቻት፤ ቦርሳዋ ግን ከደጅ ይቅር።

ያንቺው ታናሽ፣ ብትቆጪኝም የማልከፋብሽ

ከማድቤቱ ጠረጴዛ፣ ልብስ ሰፊዋ ሻንጣዋን ስትዘጋ እየጠበቀችኝ
ግንቦት 19 ቀን